ብረት፣ ጠላና ሻይ፦ የደም ለጋሹ ማዕድ ታሪክ በጆሃንስበርግ

ደም ለመለገስ የሚሄድ ሰው በጆሃንስበርግም ሆነ በሌላ ከተማ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። የመጀመሪያው ለዕለቱ ነው፦ በባዶ ሆድ አይምጡ፣ ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ከተቀዱ በኋላ ጭማቂውንና ብስኩቱን ሳይጨርሱ አይነሡ። ሁለተኛው ለሚቀጥሉት ሳምንታት ነው፦ ብረት ያለበትን ምግብ ያዘውትሩ፣ ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር አይጠጡ። ሁለቱም የእናት ምክር ስለሚመስሉ ማንም ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። የዕለቱ ምክር በአብዛኛው የውኃና የደም ግፊት ጉዳይ ነው፤ የፈሰሰው ፈሳሽ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ስለ ብረት የሚሰጠው ምክር ግን ረዥም ታሪክ አለው። ከታሪኩም ብዙው የተጻፈው በጆሃንስበርግ ነው።

በጆሃንስበርግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ጄፔ» ብለው የሚጠሩት፣ ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ የተባለው ጎዳና፣ የሐኪሞች መገኛ ከነበረው ከሜዲካል አርትስ ሕንፃ ጀምሮ በሀበሻ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና የቡና መዓዛ የተሞላ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን በእግር በሚደረስ ርቀት፣ የሆስፒታል ኮረብታ ላይ፣ ኸርበርት ቤከር የነደፈው የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋም ሕንፃ ቆሟል። ተቋሙ በ1912 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው መንግሥትና ለማዕድን ኩባንያዎች ጥቁር ሠራተኞችን ይመለምል የነበረው ድርጅት ባዋጡት ገንዘብ ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር። ወርቅ የሚቆፍሩት ሰዎች በሳንባ ምችና በሌላ በሽታ እየረገፉ ስለነበር፣ የሚሞቱበትን ምክንያት ማወቅ የሥራ ወጪ አካል ሆኖ ነበር።

በዚህ ተቋም ይሠራ የነበረው ፓቶሎጂስት አሌክሳንደር ስትራካን፣ ከ1925 እስከ 1928 በጆሃንስበርግ የሞቱ የ876 ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ አሰባስቦ በ1929 ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አድርጎ አቀረበ። ያገኘው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከአዋቂ ጥቁር ሟቾች በብዙዎቹ ጉበት ውስጥ ብረት ከልክ በላይ ተከማችቶ ነበር። በአውሮፓ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ክምችት አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብርቅ በሽታ ነበር፤ በጆሃንስበርግ ግን የተለመደ ሆኖ ተገኘ። የዘመኑ ሐኪሞች «የባንቱ ሲደሮሲስ» ብለው ሰየሙት። ስያሜው የበሽታውን መነሻ ሳይነግር የበሽተኛውን ዘር ብቻ ይናገራል፤ ለዐሥርተ ዓመታትም መነሻውን ከመፈለግ ይልቅ በሕዝቡ ተፈጥሮ ላይ ማሳበብን ቀላል አደረገው።

ምክንያቱን ፍለጋ ክርክር አስነሣ። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ወንድማማቾች ጆሴፍና ቴዎዶር ጊልማን ነገሩን ከምግብ እጥረት ጋር አያያዙት፤ በበቆሎ ብቻ የሚኖር ሰው ጉበቱ ተጎድቶ ብረቱን መቆጣጠር ያቅተዋል አሉ። በ1953 አሌክሳንደር ዎከርና አርቪድሰን ያቀረቡት መልስ ከዚያ የቀለለ ነበር። ሰዎቹ ብረቱን በምግባቸውና በመጠጣቸው ይወስዱታል፣ ምንጩም በአብዛኛው ማብሰያውና መጥመቂያው ዕቃ ነው አሉ። ከማሽላና ከበቆሎ የሚጠመቀው የአገሩ ጠላ ጎምዛዛ ነው፤ በብረት በርሜልና በቆርቆሮ ሲብላላ አሲዱ ብረቱን ያሟሟዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ በዐሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ብረት ይገኝ ነበር። አንድ ጤናማ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከምግቡ አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ወደ ደሙ እንዲገባ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ታሪክ ይገባል። በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ዙሪያ በነበሩት የተጨናነቁ ግቢዎች ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ቤተሰባቸውን የሚደግፉት ጠላ በመጥመቅ ነበር። ኤለን ሄልማን በ1930ዎቹ በዶርንፎንቴን ሩይያርድ በተባለው ግቢ ያደረገችው ጥናት ይህን በዝርዝር መዝግቦታል። ጠመቃው የተከለከለ ስለነበር ጠላው በቆርቆሮ እየተሞላ ከፖሊስ ፍተሻ ለማዳን መሬት ውስጥ ይቀበር ነበር። በገጠር የቆየው የሸክላ ማሰሮ በከተማ ቦታውን ለሚገኘው ቆርቆሮ ለቀቀ። ስለዚህ በስትራካን ጠረጴዛ ላይ የታየው ብረት ከባህል ይልቅ የከተማ ድህነትና የክልከላ ሕግ ውጤት ነው ቢባል ያስኬዳል። በ1962 ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የፋብሪካ መጠጥ እንዲገዙ ተፈቀደ፤ በፋብሪካ የሚጠመቀው መጠጥም እየተስፋፋ መጣ። በ1979 የጆሃንስበርግ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የብረት ክምችቱ በከተሞች እየቀነሰ መምጣቱ ታየ። የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጥመቂያው ነበር። (በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ የዘር ውርስም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል የሚያመለክት ጥናት መጥቷል፤ ያለ ጠላው ግን ውርሱ ብቻውን ያን ያህል ክምችት አያመጣም።)

ይህ ሁሉ ከደም ልገሳ ጋር ምን አገናኘው? ግንኙነቱ በሰዎቹ በኩል ነው። ሲደሮሲስን ለመረዳት በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በቶማስ ቦዝዌልና በሮበርት ቻርልተን ዙሪያ የተሰበሰበው ቡድን በዓለም ከታወቁት የብረት ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ። ብረት ከሳህን ወደ ደም እንዴት እንደሚያልፍ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚህ ቡድን የመጣ ነው። በ1980 ያሳተሙት አንድ ጥናት ከጠላ የሚገኘው ብረት፣ ከዚያው እህል ከተሠራ ገንፎ ከሚገኘው ከዐሥር እጥፍ በላይ እንደሚዋጥ አሳየ። እህሉ አንድ ነው፤ የተለየው ብልላቱ ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት በማዕድ ላይ ያለው የብረት መጠን ወደ ሰውነት ስለሚገባው ብረት ብዙም አይነግረንም የሚል ነው።

የዚህ ትምህርት ተቃራኒ ገጽ የተጻፈው በኢትዮጵያ ነው። በ1958 በአሜሪካ ባለሙያዎች ድጋፍ የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ጥናት ኢትዮጵያውያን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ብረት እንደሚመገቡ ሲያሳይ፣ ሊቃውንቱ ግራ ተጋቡ። ምንጩ ጤፍ ነበር። በ1963 ስዊድናዊው አልምጎርድ አብዛኛው ብረት ከአፈር የመጣ መሆኑን አሳየ። ጤፍ አውድማ ላይ በከብት ተረግጦ ሲወቃ ደቃቁ ፍሬ ከቀይ አፈር ጋር ይደባለቃል፤ የቱንም ያህል ቢነፋ ሙሉ በሙሉ አይለይም። በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ይሠራ የነበረው ኢንግቨ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ይህን ሁሉ ብረት የሚመገቡት ሰዎች እንደ ጆሃንስበርግ ሟቾች ጉበታቸው በብረት እንዳልተሞላ አረጋገጠ። የአፈሩ ብረት በአፍ ገብቶ በአብዛኛው እንደገባው ይወጣል። ጆሃንስበርግ በጠላዋ አዲስ አበባም በእንጀራዋ ከልክ ያለፈ ብረት ይመገቡ ነበር፤ በአንዷ ጉበት ሞላ፣ በሌላዋ አልሞላም።

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው» የሚለውን የፓኬት ጽሑፍ ሲያነብ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። ጤፍ ያለ አፈሩም የራሱ ብረት አለው፤ የሊጡ መብላላትም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ነገር ግን ደም ሰጥቶ «እንጀራ ስለምበላ አያሳስበኝም» የሚል ሰው የሚተማመነው ከፊሉን በአውድማ አፈር ላይ ነው። ቀይ ሥርን ደም ይተካል ብሎ የሚጠጣም እንዲሁ በቀለሙ ተታሏል፤ የቀይ ሥር ቅላት የብረት ቅላት አይደለም።

ወደ ሻዩ እንመለስ። በ1975 ዲስለር ከሊንች፣ ከቻርልተን፣ ከቦዝዌልና ከሌሎች ጋር ያሳተመው ጥናት «ሻይን ከምግብ ጋር አትጠጡ» ለሚለው ምክር መሠረቱ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በደርባን በሚኖሩ የሕንድ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ነው፤ እነዚህ ሴቶች ከጆሃንስበርጉ ጠላ ጠጪዎች በተቃራኒ በብረት እጥረት የሚሠቃዩ ነበሩ። አንድ ስኒ ሻይ ከዳቦ ውስጥ የሚዋጠውን ብረት ከግማሽ በላይ ቀነሰው። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን አንጀት ውስጥ ያስረዋል። ከዚያው ቡድን የነበረው ሾን ሊንች ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በ1983 ከሞርክና ከኩክ ጋር ቡናን መረመረ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚያስደንቀው ውጤት ይህ ነው። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መዋጥ በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ በ64 በመቶ። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ደግሞ ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ።

ከምሳ በኋላ ረከቦቱ ቀርቦ፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ ሦስቴ በሚፈላበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምግቡ ምስር ወይም ሽሮ ከሆነ ችግሩ ይከፋል፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በባሕርዩ በቀላሉ የማይዋጥ፣ ሻይና ቡናም የሚያሸንፉት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በተሻለ ሁኔታ ይዋጣል፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን ግን ያን ሁሉ ቀን የሚያገኘው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም፤ ከማዕዱ በፊት ማስቀደም ወይም ራቅ አድርጎ ማቆየት ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም መጨመርም ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን እንደሚያስለቅቅ ያረጋገጡት ጥናቶች ከፊላቸው የመጡት ከዚሁ ኮረብታ ነው።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ትክክል ነው። ጥያቄው ይበቃል ወይ ነው፤ ለዚህም ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ለጋሽ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሲሰጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አብሮ ይሄዳል። በደቡብ አፍሪካ ደንብ ከ56 ቀን በኋላ እንደገና መስጠት ይቻላል። የሄደውን በ56 ቀን ለመመለስ በየቀኑ ወደ 4 ሚሊግራም የሚጠጋ ብረት ከመደበኛው ፍላጎት በላይ መዋጥ አለበት፤ ሰውነት ደግሞ ከጥሩ ማዕድ እንኳ በቀን የሚወስደው በጠቅላላው ጥቂት ሚሊግራም ነው። ወንድ በጎተራው አንድ ግራም ያህል ተጠባባቂ ብረት ሊኖረው ይችላል፤ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ብዙውን ጊዜ የዚያን ሲሶ ያህል ብቻ። ለእርሷ አንድ ልገሳ የጎተራዋን አብዛኛውን ክፍል ያወጣል።

በ2015 በአሜሪካ በ215 ለጋሾች ላይ የታተመ ሙከራ ይህን በቁጥር አሳየ። ጎተራቸው ዝቅተኛ ከነበሩት መካከል በየቀኑ አነስተኛ የብረት እንክብል የወሰዱት የወረደውን ሄሞግሎቢናቸውን አብዛኛውን ክፍል በ32 ቀን መለሱ፤ በምግብ ብቻ የቆዩት 158 ቀን ፈጀባቸው። እንክብል ካልወሰዱት ሁሉ ሁለት ሦስተኛው ከ168 ቀን በኋላም የብረት ክምችታቸውን አልመለሱም ነበር። በ2019 የታተመ በደቡብ አፍሪካ ለጋሾች ላይ የተደረገ ጥናትም የብረት እጥረት በመካከላቸው የተስፋፋ መሆኑን አመለከተ። ከዚህ በኋላ «ጎመንና ምስር ይብሉ» ብሎ ለጋሹን መሸኘት ውሸት ባይሆንም ዕዳን ማስተላለፍ ነው። ደሙን የሚወስደው ተቋም ነው፤ ብረቱን የመመለሱ ወጪና ኃላፊነት ግን በለጋሹ ማዕድ ላይ ይቀራል።

በጆሃንስበርግ ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚከብደው ለጋሹ ማን ነው የሚለው ጉዳይ ስለተለወጠ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የደሙ ከረጢት የለጋሹን ዘር የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍበት ነበር። በ2001 የየክፍለ ሀገሩ አገልግሎቶች ተዋሕደው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የደም አገልግሎት ሲመሠረት ምልክቱ በሌላ መልክ ተመለሰ። የኤች አይ ቪ ሥጋትን ለመመዘን ዘር እንደ አንድ መለኪያ ይያዝ ስለነበር፣ ከጥቁር ለጋሾች የተቀዳው ደም ብዙውን ጊዜ ሳይሠራበት ይቀር ነበር። የመጀመሪያው የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 2004 ሲከበር ዋና አስተናጋጇ ከተማ ጆሃንስበርግ ነበረች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ደም ሳይቀር ጥቅም ላይ ሳይውል መወገዱ በጋዜጣ ተዘገበ፤ የጤና ሚኒስትሯ ማንቶ ቻባላላ ምሲማንግም አሠራሩ እንዲቆም አዘዙ። አገልግሎቱ ያለ ዘር መለኪያ ደሙን አስተማማኝ ለማድረግ በ2005 እያንዳንዱን ልገሳ ለየብቻው በዘረ መል ምርመራ መፈተሽ ጀመረ። ይህ በወቅቱ ጥቂት ሀብታም አገሮች ብቻ ይደፍሩት የነበረ ውድ ምርመራ ነው። ትክክለኛም ውሳኔ ነበር፤ ተቋሙ ሥጋቱን በሰው ቆዳ መመዘኑን ትቶ ዋጋውን ራሱ ከፈለ።

ከዚያ በኋላ በሩ ለጥቁር ለጋሾች ሲከፈት የገቡት ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ተማሪዎችና ሴቶች ናቸው። የጆሃንስበርግ ሳይንስ ስለ «ጥቁር ሰው ብረት» ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲናገር የኖረው ግን ስለ አዋቂ ወንድ ጠላ ጠጪ ነበር። የ18 ዓመቷ የሶዌቶ ተማሪ ያ ጉበት የላትም፤ በጎተራዋ ያለው ጥቂት ነው፣ ከምግቧ ጋርም ሻይ ትጠጣለች። ደቡብ አፍሪካ ከጥቅምት 2003 ጀምሮ በበቆሎና በስንዴ ዱቄት ላይ ብረት እንዲጨመር በሕግ ደንግጋለች፤ የተመረጠው የብረት ዓይነት ግን በደንብ የማይዋጥ በመሆኑ ብዙ ተተችቷል።

ስለ ሚኒስትሯ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የዘር መለኪያውን ያስቆሙት እኒሁ ሴት በኤች አይ ቪ ጉዳይ ከመድኃኒት ይልቅ ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ሎሚና ስለ ቀይ ሥር በመናገር ይታወሳሉ፤ በ2006 በቶሮንቶው የኤድስ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካ ማሳያ እነዚህን አትክልቶች ደርድሮ ዓለምን አስገርሟል። ሎሚውና ቀይ ሥሩ ጥፋት የላቸውም። መንግሥት ማቅረብ የነበረበት እንክብል በዘገየበት ጊዜ ምግቡ የእንክብሉ ምትክ ተደርጎ መቅረቡ ግን ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። የለጋሹ ብረት ጉዳይ በክብደቱ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የአስተሳሰቡ መንገድ ግን ይመሳሰላል።

በኢትዮጵያ የደም ባንክ በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቁሞ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ ለታመመ ዘመድ ከሚሰጥ ምትክ ደም ወደ ፈቃደኛ ለጋሽ ለመሸጋገር የተደረገው ጥረት ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ፈቃደኛ ለጋሽ ማለት ግን ደጋግሞ የሚሰጥ ሰው ማለት ነው፤ ጎተራው የሚራቆተውም እርሱ ነው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። የጾሙ ሰዓትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልቀመሰ ወይም በረመዳን ውኃ ያልጠጣ ሰው ለመለገስ ቢቀመጥ የመውደቅ አደጋው ይጨምራል። በ2007 በአሜሪካ ወጣት ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከልገሳ በፊት የተጠጣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ብቻውን የማዞርና የመሰል ችግሮችን ቁጥር በ21 በመቶ ቀንሷል። ለጾመኛ ለጋሽ ይህ የሚሆነው ቀጠሮው ከማፍጠሪያ በኋላ ሲያዝ ነው፤ ይህም የለጋሹ ሳይሆን የተቋሙ የሥራ ሰዓት ጉዳይ ነው።

የጆሃንስበርጉ ቡድን ከዘመኑ መጨረሻ አካባቢ የሠራው አንድ ሥራ ለአዲስ አበባ ከሁሉ የቀረበ ይመስላል። በ1980ዎቹ በደርባን ቻትስዎርዝ፣ ብረት ባነሳቸው የሕንድ ዝርያ ቤተሰቦች መካከል፣ ዱቄቱን ትተው የካሪ ቅመሙን መረጡ፤ ሻይ በቀላሉ የማያሸንፈው የብረት ዓይነት ቀላቅለው ለሁለት ዓመት አደሉት። በ1989 የታተመው ውጤት በሴቶቹ ዘንድ የብረት እጥረት ደም ማነስ በግልጽ መቀነሱን አሳየ። ኢትዮጵያ በ2022 በስንዴ ዱቄትና በምግብ ዘይት ላይ ንጥረ ነገር እንዲጨመር አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ጤፉ ግን በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት ስለሚፈጭ ደንቡ አይደርሰውም፤ በርበሬና ሽሮ ዛሬ በፋብሪካ ታሽገው ከአዲስ አበባ እስከ ጄፔ ሱቆች ድረስ ይሸጣሉ።

እስከዚያው ድረስ በልገሳ ጣቢያው ከጣት ጫፍ የሚወሰደው ጠብታ የሚለካው ሄሞግሎቢንን ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ፈተናውን ያለፈችው ሴት ጎተራዋ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶነቱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው፤ እንክብሉም ለማን እንደሚያስፈልግና ለማን እንደማያስፈልግ የሚለየው እርሱ ነው፣ ስትራካን የመረመራቸው ጉበቶች እንደሚመሰክሩት ብረት ሲበዛም ይጎዳልና። ደጋግማ ለምትሰጥ ሴት ይህ ምርመራ በማን ወጪ ይሠራ የሚለው ጥያቄ በጆሃንስበርግም በአዲስ አበባም የበጀት ጥያቄ ነው።